ግቢ የሌለው ሰው የት ይሰካ?

የክርክሩ ርዕስ፦ ለደብረ ብርሃን ሰው ከባትሪ አውቶሞቢል ይልቅ የሃይድሮጅን አውቶሞቢል ይሻለዋል።
ደጋፊ፦ የኬሚስትሪ መምህር።
ተቃዋሚ፦ በባትሪ መኪና ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ኮንትራት የሚሠራ ሹፌር።

መምህሩ፦
ከብርዱ ልነሳ። በጥቅምት ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ የተጋገረ ውርጭ ፍቆ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ባትሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል። በዚያ ላይ ማሞቂያ ከተከፈተ የሚበላው ከዚያው ባትሪ ነው፣ ማለትም ከመንገዱ ላይ ነው። የሃይድሮጅን መኪና ኃይል የሚያገኝበት ፊውል ሴል ግን ሃይድሮጅንን ከአየር ኦክስጅን ጋር አገናኝቶ መብራት ሲያመነጭ ሙቀትም አብሮ ይወጣል፤ ጋቢናው በዚያ ይሞቃል። የሃይድሮጅን አውቶሞቢል የሆነው ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ሚራይ በሦስት ጋኖቹ 5.6 ኪሎ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ በአሜሪካኖች መለኪያ 647 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ነው፤ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ይሆናል። የሚሞላው በ5 ደቂቃ፣ የሚወጣው ጭስ ሳይሆን ውሃ። ይህ እያለ ሰው ስለምን ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሰክቶ ያድራል?

ሹፌሩ፦
መምህር፣ 5 ደቂቃው የት ነው? ደብረ ብርሃን ነው? ሰንዳፋ ነው? አዲስ አበባ ነው? በአገራችን አንድም የሃይድሮጅን ማደያ የለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንኳ ሼል ለአውቶሞቢል የከፈታቸውን የሃይድሮጅን ማደያዎች በ2016 ዓ.ም. ዘግቷል። መኪናውን የገዙ ሰዎች ማደያ ፍለጋ ሲዞሩ ነው የቀሩት።
ሂሳቡንም እንየው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመለየት 50 ኪሎ ዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ መብራት ይሄዳል። ሚራይ በዚያች ኪሎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ያን መብራት እኔ ባትሪዬ ውስጥ ብከተው 300 ኪሎ ሜትር እነዳበታለሁ። የራሳችንን የውሃ ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ሜዳ ላይ ማፍሰስ ነው። እኔ ማታ እሰካለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሙሉ ነው።

መምህሩ፦
«ማታ እሰካለሁ፣ እተኛለሁ።» የት ነው የምትሰካው፣ ልጄ? እኔ በዚህ ከተማ 14 ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤተሰብ ነን። አከራያችን ምጣድ የሚሰካበትን ቀን ለይተው ሰጥተውናል፤ የኛ ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ እንግዳ መጥቶብን ሐሙስ ብትጋግር ወር ሙሉ ስንወቀስ ከረምን። ለእንጀራ ምጣድ እንዲህ የሆነ ቆጣሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ልሰካበት ብዬ የማስፈቅደው በምን አፌ ነው? መብራት የሄደ ዕለትስ? አንተ የምትለው ግቢ ላለው ሰው ነው። ማደያ ግን የሁሉም ነው፤ ተከራይም ባለ ግቢም እኩል ይሰለፉበታል።

ሹፌሩ፦
ልጄ አይበሉኝ፣ መምህር። 43 ዓመቴ ነው፤ 20ውን መሪ ላይ ነው ያሳለፍኩት።
ስለ መብራቱ ሂሳብ ምንም አላሉም። ስለ ማደያውም። ስለ ብርድ ካነሱ እኔ ስለ ዳገት ላንሳ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ባለፈው ሳምንት ከጣርማ በር ዋሻ ስወጣ ባትሪው 61 ከመቶ ይላል። ፍሬን ሳልነካ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘኝ፣ እየሞላም ወረድኩ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ 64 ነበር። ሚራይም ቁልቁለት ላይ ኃይል ይመልሳል፤ ግን የሚያጠራቅምበት ባትሪ 1.24 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ደብረ ሲና ሳይደርስ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት በከንቱ ነው። ደግሞ ፊውል ሴል የሚሠራው አየር ስቦ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መጭመቂያው አብዝቶ ይሠራል። ባትሪ አየር አይስብም።

መምህሩ፦
ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው መልሶ ይወጣል፤ ሲመለስ ስንት እንዳለ አልነገርከንም። እድሜህን በተመለከተ ይቅርታ፣ ለመናቅ ብዬ አይደለም። ግን ጥያቄዬን በዳገት አታሳልፈው፦ ግቢ የሌለው ሰው የት ይሰካ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል ተከራዩን ማን ጠየቀው? እኔ የምከራከረው ስለ አንድ ሚራይ ብቻ አይደለም። የኃይል ነገር በየሰው ቆጣሪ ከሚንጠለጠል በጋራ ይሁን ነው የምለው።

ሹፌሩ፦
ግቢ አለህ ብለው ነው የተነሱት። የለኝም። እኔም ተከራይ ነኝ። መኪናዋን ስገዛ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አከራዬ ነው። ቀናሽ ቆጣሪ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ ወፍራም ገመድ በግድግዳው አዙሬ፣ ለኔ ብቻ አስገጠምኩ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ይመጣሉ፤ ቁጥሩን አብረን እናነባለን፣ በደብተር ይጽፋሉ፣ እከፍላለሁ። አንድ ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። የእርስዎም አከራይ የሚቆጡት መብራቱ ስለሚበላ ሳይሆን ማን እንደበላው ስለማይታወቅ ይመስለኛል።

መምህሩ፦
የአንተ አከራይ ደግ ሴት ናቸው። አገር ግን በደግ አከራይ አይመራም። እሺ፣ አውቶሞቢሉን ልተወው። ወደ ደሴ የሚወጡትን ተሳቢዎች ተመልከት፦ ያን ጭነት ጣርማ በር ለማውጣት ስንት ኩንታል ባትሪ ይሸከሙ? እዚያ ላይ ሃይድሮጅን...

ሹፌሩ፦
ርዕሱ አውቶሞቢል ነው የሚለው፣ መምህር። የጻፉት እርስዎ ነዎት። የተሳቢውን ሌላ ቀን እንነጋገራለን፣ ምናልባት እስማማለሁም። አሁን ግን ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅዎ፦ ያ 5 ደቂቃ የት ነው?