ምርቃና የፈታው ሥዕል

የድሬዳዋን ምስጢር ፈቺዎች የሚያደንቅልኝ ሰው ጠፋ፤ እኔው ላድንቃቸው። ፈረንጅ ሥዕል ለመተንተን ዓመታት ይማራል። የእኛዎቹ ግን ከዚራ ሰፈር አንድ ፍራሽ፣ አንድ ዙርባ ጫትና አንድ ፔርሙስ ሻይ ይበቃቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲገባ ግድግዳው ራሱ ማውራት ይጀምራል።

ሰሞኑን የሆላንዳዊው ሠዓሊ የሬምብራንት "አንድሮሜዳ" ተራ ደርሷት ነበር። ዋናው ሥዕል ሄግ ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ነው ያለው፤ እ.ኤ.አ. በ1630 ገደማ የተሣለ፣ ቁመቱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የበርጫ ቤታችን ያለው ከአሮጌ ካላንደር ተቆርጦ መስታወት የገባ ወረቀት ነው። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፊየስ ሚስት ካሲዮፒያ በቁንጅና የባሕር ቆነጃጅትን እበልጣለሁ ብላ ጉራዋን ነዛች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን አውሬ ሰደደ። እናት ለነዛችው ጉራ ልጇ አንድሮሜዳ ዓለት ላይ ታሰረች። ኋላ ጀግናው ፐርሲየስ ደርሶ ያድናታል።

ሬምብራንት ግን አውሬውንም ፐርሲየስንም አልሣለም። ልጅቷ፣ ዓለቱ፣ የታሰሩ እጆቿ፤ በቃ። እንደኔ ያለ ተራ ሰው "ፈርታለች" ብሎ ያልፋል። ሊቃችን ያልፋል እንዴ? ወደ ጎን ማየቷ ቀይ ባሕርን ነው፤ የወደብ ነገር ነው። ሰንሰለቱስ? የጂቡቲ ሐዲድ! ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሬምብራንት ከ270 ዓመት በፊት ፉጨቱን ሰምቶ ኖሯል፤ ሆላንዶች ይህን ሳያውቁ ሙዚየም ከፍተው ቲኬት ይቆርጣሉ።

ጥግ የተቀመጠ አንድ ተማሪ "የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ከሆነች ለምን ነጣች?" አለ። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ እንኳ ጠይም ብሏታል።

"አቦ አታካብድ! ላይ ላዩን ነው የምታየው" ተባለና አረፈው። ደግ አደረጉ። ዐይን የሚያየውን ሁሉ መጠየቅ ከተጀመረ ምስጢር የሚባል ነገር ሊቀር ነው።

ሁለተኛው ሊቅ ደግሞ የጠፋውን አውሬ አገኘው። መስታወቱ ጥግ ላይ የደረቀች የሻይ ጠብታ ነበረች። ጭራውን በጣቱ እየተከተለ አሳየን። እኔም አየሁት፤ ምን ላድርግ፣ ሻዩን የቀዳልኝ እሱ ነው።

ይኼኔ የቤቱ ባለቤት እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣችና አውሬውን ጠረገችው። ሊቁ ንቅንቅ አላለም። "ይኸው ፐርሲየስ መጣ!" አለ።

ፐርሲየስም "የትናንቱን ጨምረህ ክፈል" አለችው።