እርማት፦ ተርሚናሉ ስታክ አላደረገም
ወንድሜ፣ «ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ፓኬጅ ሲጫን የሚመጣው ባለ ሳጥን ስክሪን ማውስ ካልተቀበለ ስታክ አድርጓል፤ ዝጉት» ያልከው ልክ አይደለም። ስክሪኑ የሚጠብቀው ኪቦርድ ነው፤ በታብ ወደ «ኦኬ» ትሄዳለህ፣ ኢንተር ትጫናለህ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ስፔስ ላይ ነው። ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዝ በብራውዘር ማስተዳደሪያው) ሲጫን ከሚመጣው የዌብ ሰርቨር ዝርዝር ውስጥ «አፓቼ2» ላይ ቀለም ስላረፈ ብቻ የተመረጠ ይመስላል። ስፔስ ተጭነህ በቅንፉ ውስጥ ኮከብ ካላየህ አልተመረጠም። ዝም ብለህ ኢንተር ከመታህ ጭነቱ ያለ ምንም ቅሬታ ያልፍና በኋላ ገጹ 404 (አልተገኘም) ይልሃል (ሰው አፓቼን መርገም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው)። ነቅሎ መጫን አያስፈልግም፤ የዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ትዕዛዝ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ያመጣልሃል።

መሃል ላይ ተርሚናሉን ከዘጋህ ደግሞ ፓኬጁ ሳይዋቀር ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ቀጣዩን ፓኬጅ ልጫን ስትል ስህተት ያወጣብሃል።