መጽሐፉ ወደ ቤት ይሂድ ወይስ አዳራሹ ይስፋ?

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ የሚመደበው ገንዘብ ቀድሞ በምን ላይ ይዋል? ጡረታ የወጡ አንድ የአማርኛ መምህር መጽሐፍ ማዋስ ይቅደም ይላሉ። በአንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ ባለሙያ ደግሞ የማንበቢያ ቦታው፣ ኢንተርኔቱና ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ድጋፍ ይቅደም ትላለች። ሁለቱ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህሩ፦

ቤተ መጻሕፍቶቻችን በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲያቀርቡ አዳምጡ። ይህን ያህል ተገልጋይ ገባ፣ ይህን ያህል ሥልጠና ተሰጠ ይሉናል። ስንት መጽሐፍ ተነበበ የሚለው ግን የለም። የገባው ሰው ደግሞ በአብዛኛው የራሱን ሃንድአውት ይዞ የመጣ ተማሪ ነው። መደርደሪያው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

አልፈርድበትም። አንድ መጽሐፍ ለማየት መታወቂያ ያስይዛል። የመደብ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። ሠራተኛዋ ከውስጥ እስክታመጣለት ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ ሲዘጋ መመለስ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሰው፣ ልጅ የምታሳድግ እናት፣ ሱቅ የሚጠብቅ ወጣት ወፍራም ልቦለድ በዚህ ዓይነት መቼ ይጨርሳል?

እኔ ንባብ የለመድኩት በኪራይ ነው። በየሰፈሩ መጽሐፍ የሚያከራዩ ነበሩ። መያዣ ትሰጣለህ፣ ሳንቲም ትከፍላለህ፣ ይዘህ ትሄዳለህ። ቤት ሲደርስ ታላቅ ወንድም ይነጥቅሃል፣ ጎረቤት ይለምንሃል። አንድ መጽሐፍ ከመመለሱ በፊት ሦስት አራት ሰው ያነበዋል። አከራዩ ቢጠፋበት ከኪሱ ነበር፤ ቢሆንም ያከራይ ነበር።

ወመዘክርን፣ ማለትም ብሔራዊውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እዚህ ክርክር ውስጥ አላስገባም። ከ1936 ጀምሮ የቆመ የሀገር መዝገብ ነው። የታተመ ሥራ ቅጂ በሕግ እዚያ ይገባል፣ ለመጪው ትውልድ ይቀመጣል። እሱ አያውስ። የሚያሳዝነኝ የየከተማው ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የእሱን ልማድ ይዞ መቅረቱ ነው። ስብስቡ ቅርስ ሳይሆን እንደ ቅርስ ይቆለፍበታል።

ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። «ሃንድአውት ይዞ የመጣ» ያሉትን ልጅ እኔ በመልክ አውቀዋለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩን ስንከፍት ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ይጠብቀናል። እንደገቡ የሚሮጡት ሶኬት አጠገብ ወዳለው ወንበር ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አንድም ባዶ ቦታ አይኖርም። የዘገየው ደረጃው ላይ ካርቶን አንጥፎ ያጠናል።

ለምን ቤቱ አያጠናም? አብዛኞቹ የሚኖሩት ቤተሰቡ በሙሉ በሚያድርበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ቴሌቪዥኑም፣ ምጣዱም፣ ሕፃኑም እዚያው ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያውም የለም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ውጤት እናስታውስ። በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስት የሚሆነው በወደቀበት አገር ጸጥ ያለ ወንበርና መብራት ቅንጦት ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት 1.1 ቢሊዮን ብር ፈጅቷል ተብሎ ብዙ ተወራ። ማን ሊያነብበት ነው ያሉም ነበሩ። በአንድ ጊዜ ከ2,000 ሰው በላይ የሚይዘውን ያን ሕንፃ የሞላው ይኸው ሃንድአውት የያዘ ወጣት ነው።

ሌላም ሥራ አለን። ሥራ ፍለጋ በኢንተርኔት ከሆነ ወዲህ ማስረጃዋን በፌስታል ይዛ የምትመጣ ሴት ትገጥመኛለች። ኢሜይል የላትም። ከፍቼላት፣ ዲፕሎማዋን ስካን አድርጌ፣ ቅጹን አብረን እንሞላለን። ኢንተርኔት ካፌ ሄዳ ብትሠራው በገጽ ያስከፍሏታል። ቅዳሜ ለሕፃናት ተረት እናነባለን፤ እናቶቹ ጀርባ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። ከእነሱ ውስጥ ማንበብ የማይችሉ አሉ። ይህን ሁሉ ልተወውና መጽሐፍ ላውስ?

አውሼ ቢጠፋስ? መጽሐፉ በእኔ ስም የተመዘገበ ንብረት ነው። ሰኔ መጨረሻ ቆጠራ አለ። ጎደለ ከተባለ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው።

መምህሩ፦

ልጄ፣ የነገሩን ሥር አሁን ነካሽው። መጽሐፍ የማይወጣው አንባቢው ሌባ ስለሆነ አይደለም። መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር በቋሚ ንብረትነት ስለተመዘገበ ነው። እንዲህ ከሆነ ጎበዝ የሚባለው ሠራተኛ መጽሐፉን ማንም ያልነካበት ነው። ብዙ ባስነበብሽ ቁጥር ዕዳ ውስጥ ትገቢያለሽ። ይህን ሥርዓት እንቀይር ማለት ሲገባን በአንባቢው ላይ እንቆልፋለን።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተነበበ የሚያልቅ ዕቃ ተብሎ ይመዝገብ። በዓመት ይህን ያህሉ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ይሰረዛል፣ ይተካል ተብሎ በበጀት ይያዝ። ሌላው ዓለም እንዲህ ነው የሚሠራው። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቷ መጽሐፍ አዘግይቶ የሚመልስ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት ሰረዘች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመለሰው መጽሐፍ በ240 በመቶ ጨመረ። ሰው መጽሐፍ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ቅጣቱን ፈርቶ፣ አፍሮ ነው። ብዙ የእኛ ሰው የሚኖርባት ሲያትልም በ2020 ቅጣቱን አንስታለች።

እዚህም ቢሆን ምሳሌ አለን። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ነበር። ያየውን ይዞ ከአጋሮቹ ጋር ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን የሕፃናት ንባብ ድርጅት አቋቋመ፤ ወደ አገሩም ተመለሰ። በ1995 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ቀጥሎ ሐዋሳ ላይ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ሄደ። ልጆቹ ይምጡ ብሎ አልጠበቀም።

ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ የአህያው ጋሪ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ጋሪው ይቆማል፣ ልጆቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያነባሉ፣ መጽሐፉ ተሰብስቦ ይመለሳል። ሥራውን የሠራው ከልጆቹ ጋር ቁጭ የሚለው ሰው ነው። እኔም የምጠይቀው እንዲህ ያለ ሰው፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነው።

ቺካጎም ሩቅ ነው። እዚያ የአንድ መጽሐፍ ቅጂ በየቅርንጫፉ አለ። የእኛን መደርደሪያ መጥተው ይዩት። ወፍራም የእንግሊዝኛ የኮሌጅ መጽሐፍ በእርዳታ መጥቶ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ተከፍቶ እንኳ አያውቅም። ሰው የሚጠይቀው የአማርኛ ልቦለድ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ የሉም። እሱን ላንድ ሰው ሳውስ ሌላው ሰላሳ ሰው ይከለከላል።

መምህሩ፦

እንግዲያው በጀቱ ይግዛበታ! ሰው የሚጠይቀው ርዕስ ከአንድ ቅጂ ይልቅ አስር ቅጂ ይገዛ። አዲስ መጽሐፍ ዛሬ በብዙ መቶ ብር ነው፤ ደመወዝተኛ ሰው በየወሩ መግዛት አይችልም። ቤተ መጻሕፍት ካልገዛለት ማን ይገዛለታል? ደራሲውና አሳታሚውም ቋሚ ገዢ ያገኛሉ።

ተማሪውንም አልረሳሁም። ፈተናውን የወደቀው ወንበር አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ያቅተዋል። ክፍል ውስጥ ዓመታት ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ገጽ ሲያነብ ይደክመዋል። ንባብ የሚለመደው በልጅነት፣ ቤት ውስጥ፣ ለፈተና ባልሆነ መጽሐፍ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ወንበር መስጠት ዘግይቶ የመጣ እርዳታ ነው።

ባለሙያዋ፦

በዚህ አልከራከርዎትም፤ የሕፃናት መጽሐፍ መጀመሪያ ቤት ይግባ ካሉ እስማማለሁ። ቅዳሜ ተረቱ ሲያልቅ መጽሐፉን አልለቅም ብሎ የሚያለቅስ ልጅ አለ፤ ከእጁ የምቀማው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእነሱ እንጀምር። ዋስ አምጣ፣ ቀበሌ ሂድ አንበል፤ የእናትየው ስልክ ይበቃል።

ዘግይቶ የመጣ እርዳታ ያሉትን ግን አልቀበልም። ደረጃው ላይ ካርቶን ያነጠፈው ልጅ የሚፈተነው ዘንድሮ ነው። ለእሱ ከዛሬ አስር ዓመት በኋላ የሚያፈራ ዕቅድ አይጠቅመውም። የመጽሐፍ መግዣው ከወንበሩና ከኢንተርኔቱ ተቀንሶ ከሆነ ተቃዋሚ ነኝ፤ ተጨምሮ ይምጣ። መጽሐፎቹም ከእኔ ስም ይውረዱ። የሚሰረዘው ቁጥር በደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ከመጪው ሰኔ ቆጠራ በፊት ይድረሰኝ። በቃል ይታለፋል ተብሎ ኋላ የተጠየቁ ሠራተኞችን አይቻለሁ። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት የሕፃናቱን መደርደሪያ ለውሰት እከፍታለሁ።