የጎግል ፍለጋ አይተው ትውልድ ለሚፈርዱ

ሰው ጎግል ላይ ምን እንደሚፈልግ ከሚያሳየው ከጎግል ትሬንድስ የተቀዳ የፍለጋ ቃላት ዝርዝር ስክሪንሻት ፌስቡክ ላይ ሲዞር ከስሩ የሚጻፈው ያው ነው። «ኳስ፣ ዲቪ፣ ውርርድ! ይሄ ትውልድ አለቀለት።» እኔ ፍርዱ ቸኩሏል ባይ ነኝ።

ትሬንድስ ሰው አይቆጥርም። አንድ ቃል ከጠቅላላው ፍለጋ ያለውን ድርሻ አይቶ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። 100 ማለት በመረጥነው ጊዜና ቦታ ፍለጋው ጣሪያ የነካበት ነው፤ ስንት ሰው እንደፈለገው አይነግረንም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቀን «ውጤት» ሽቅብ ይወጣል፣ ወዲያው ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመው ልጅ ግራፉ ላይ የለም።

ከዚህ የሚብሰው ግን የፈላጊው ማንነት ነው። በዲቪ ሰሞን ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ በሉ። ልጅቷ ደንበኛዋን ነጭ ግድግዳ ፊት አቁማ ፎቶ ታነሳለች፣ 600 በ600 ፒክስል አድርጋ ትቆርጣለች፣ ፎርሙን ትሞላለች። ለወረፋው ሁሉ ጎግል ላይ የምትፈልገው እሷ ናት። እሷ ራሷ አሜሪካ መሄድ ያማራት እንደሆነ ማን ያውቃል?

ባለፈው እዚያው ቆሜ አንዲት እናት የመድኃኒት ማሸጊያ ይዘው መጡ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ። ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

አምሎዲፒን ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት። ልጅቷ ስልኳን አወጣች። «በምግብም ያለ ምግብም ይቻላል ይላል፣ እማማ።» ሂሳብ አልተቀበለችም። እንግዲህ በጎግል ቤት ግፊት ያለባት እሷ ናት።

ጎግል ራሱም በዚህ ተሸውዷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰዎች ፍለጋ ተነስቶ የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት የሚገምት አገልግሎት ጀመረ። በ2012/13 ግን ግምቱ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከመዘገበው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዜና ሰምቶ የደነገጠ ጤነኛም እኮ ይፈልጋል። በ2015 ለሕዝብ ይወጣ የነበረው ግምት ቆመ።

ዝርዝሩ ምንም አይናገርም አልልም። መሄድ የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው፤ ይሄ አያከራክርም። እኔ ግን ስለ ፓስፖርት ክፍያ፣ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ፣ ስለ ቀጠሮ የሚፈልግ ሰው ሲበዛ፣ የሕዝቡን ጠባይ ትቼ መረጃውን መስጠት የነበረበትን የአገልግሎት መስኮት ነው የማየው። እማማ መድኃኒቱን ሲገዙ አወሳሰዱን ረጋ ብሎ የነገራቸው ቢኖር ፎቶ ኮፒ ቤት ምን ያመጣቸዋል?