ቆርኪው ከተከፈተ በኋላ

ጎጃሜ እንግዳ ማክበርን የት እንዳደረሰው ማየት የሚሻ ሰው በበዓል ማግስት ደብረ ማርቆስ ላይ ሦስት ቤት ይግባ። ገና በቅጡ ሳይቀመጥ የቤቱ ልጅ ወደ ሱቅ ትላካለች፤ ለስላሳውም ቆርኪው ተነሥቶ ይቀርብለታል፤ ምክንያቱም ያልተከፈተው ወደ ሱቅ ሊመለስ ይችላል፣ የተከፈተውን እምቢ ማለት ግን የባለቤቲቱን ገንዘብ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። «አፈር ስሆን፣ ቅመሱልኝ» ከተባለ በኋላ የስኳር ነገር ማንሣት ነውር ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር ያለበት ባለ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ይይዛልና፣ ሦስቱን ቤት አክብሮ የወጣ እንግዳ 90 ግራም ተሸክሞ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን የመከረው መቼም የጎጃምን በዓል ሳያይ ነው።

ይህን ክብር በታክስ እናስታግሳለን የሚሉ አሉ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012ም ለስላሳን ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች መካከል አስፍሮታል። ሲወደድ ይተዉታል ነው ነገሩ፤ ለማስረጃም ሜክሲኮ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሊትር 1 ፔሶ ስትጥል የእነዚህ መጠጦች ግዢ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 6 በመቶ ገደማ መቀነሱ ይጠቀሳል። ይህ የሜክሲኮ ሰው ይሉኝታ እንደሌለው ከማሳየት በቀር ለእኛ ምን ይፈይዳል? እኛ ዘንድ ዋጋው ሲጨምር ክብሩም አብሮ ይጨምራል፤ «ይህን ያህል ተወዶ እንኳ ከፈተችልኝ» ተብሎ ይወራል። ለስላሳ የተወው ሰውም (ካለ) ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ሲሞጅር ማንም አይቆጥርበትም።

እንግሊዞች ግን ተንኮለኞች ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ታክሱን በዋጋው ሳይሆን በስኳሩ ልክ አሰሉት፤ በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ያልሞላው ነጻ ይሁን፣ 8 ግራምና ከዚያ በላይ የያዘው ከፍተኛውን ይክፈል አሉ። ብዙ አምራቾችም ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ስኳሩን ቀነሱ። ይህ ለጎጃም ክፉኛ የሚያሰጋ ዘዴ ነው፤ ባለቤቲቱ እንደ ልማዷ ከፍታ፣ እንግዳውም በይሉኝታ ጨልጦ፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ስኳሩ ሊያመልጠን ይችላል። ደግነቱ የእኛ ታክስ በዋጋ የሚሰላ ስለሆነ፣ ስኳር የቀነሰ ፋብሪካ በታክሱ በኩል የሚያተርፈው የለም።

ባለፈው ክረምት አጎቴ ስኳር ተገኘባቸውና አልጋ ያዙ። ከጠያቂዎቹ ሁሉ አጥሚት በፔርሙስ የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እርሷም ባዶ እጇን የመጣች ያህል ስታፍር አየኋት። ከአልጋው ግርጌ የተደረደሩትን ጠርሙሶች ስቆጥር 11 ደረስሁ። ማምሻውን ጎረቤታችን ሲመጣ አጎቴ ሐኪሙ ጣፋጭ እንደ ከለከላቸው እየተጨነቁ ነገሩት። ጎረቤታችን በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀና መክፈቻውን ከኪሱ አወጣ።

«ስኳር እንዳለብዎማ ሰምቼ አይደል፣ ጋሼ፤ ጥቁሩን ትቼ ነጩን ያመጣሁልዎ።»