ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፦ ክርክር ከጎንደር

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ በሩ ላይ «እስከ ማታ 4 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ምግብ ቤት 3 ሰዓት ከ40 ላይ ገብቶ ራት ማዘዝ ተገቢ ነው ወይስ ነውር? ሁለቱም ተከራካሪዎች የጎንደር ነዋሪዎች ናቸው። አንደኛዋ በፒያሳና በማራኪ ምግብ ቤቶች ከእቃ አጣቢነት ተነሥተው እስከ ወጥ ቤት ኃላፊነት የደረሱ እናት ናቸው። ሁለተኛው እንግዶችን ወደ ስሜን ተራሮች የሚወስድ አስጎብኚ ነው። ሁለቱንም በሥራቸው እንጠራቸዋለን።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦

ነውር ነው እላለሁ። እንግዳው የሚያውቀው የፊቱን በር ስለሆነ እኔ ከጓዳው በር ልጀምር። ምግብ ቤት 4 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ወጥ ቤቱ 3 ሰዓት ላይ መዘጋት መጀመር አለበት። የጥብሱ ምጣድ ይፈገፈጋል። የቀረው ከሰል ለነገ እንዲተርፍ ፍሙ ይጠፋል። የተረፈው ወጥ ወደ ትንሽ ድስት ይገለበጥና ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ይገባል። የነገው ሽንኩርት ይላጣል። እንጀራ ጋጋሪዋ ሥራዋን ጨርሳ ከሄደች ቆይታለች፤ ማታ የቀረው እንጀራ ተቆጥሮ ነው የሚሸፈነው። ገንዘብ ያዧ ሂሳቧን ታስታርቃለች፣ ከሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ የዕለቱን የሽያጭ ማጠቃለያ፣ ዜድ ሪፖርቱን፣ ልታወጣ ትዘጋጃለች።

በዚህ መሃል ሦስት ሰዎች ገብተው ሸክላ ጥብስ ያዝዛሉ። ሸክላ ጥብስ የሚቀርበው ፍም ላይ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ የጠፋው ከሰል እንደገና ይቀጣጠላል፣ እስኪግም ይጠበቃል፣ ሥጋው ወጥቶ ይከተፋል፣ የታጠበው ምጣድ እንደገና ቅባት ይነካል። ሃያው ደቂቃ በዚህ አለቀ። እንግዶቹ ገና አንድ ጉርሻ አልጎረሱም። በልተው ሲያበቁ ደግሞ ቡና ይላሉ፤ ጀበናው ታጥቦ ከተደፋ በኋላ ማለት ነው።

ከሁሉም በኋላ የምትወጣው እቃ አጣቢዋ ናት። አስተናጋጁ ቢያመሽ ምናልባት ቲፕ ያገኛል። እርሷን ግን አንድም እንግዳ አያያትም። የአንገረብ ግድብ ውኃ ለከተማችን አልበቃ ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የምታጥበው ከበርሜል እየቀዳች ነው። ቅባት የጠጣ ሸክላ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም፣ ስለዚህ ውኃ ትጥዳለች። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄድ ታክሲ አታገኝም። ባጃጅ ቢኖር በኮንትራት ነው፣ ኮንትራቱም የዕለት ገቢዋን ይወስደዋል። የሰዓት እላፊ በሚታወጅባቸው ጊዜያት ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ አልፎ የደኅንነት ይሆናል።

«ገና ሃያ ደቂቃ አለው» ብሎ የሚገባ ሰው ክፉ ነው አላልኩም። ማሰብ የሚገባውን አላሰበም ብዬ ነው የምወቅሰው።

አስጎብኚው፦

እትዬ፣ ስለ እቃ አጣቢዋ ከተናገሩት አንድም ቃል አልቃወምም። የምቃወመው ዕዳዋን በእንግዳው ስም መጻፍዎን ነው። በሩ ላይ 4 ሰዓት ብሎ የጻፈው እንግዳው አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። ወጥ ቤቱ 3 ሰዓት ላይ ምጣድ የሚያጥብ ከሆነ ይህ ለምን አልተጻፈም? መንገደኛ ያንን ጽሑፍ አምኖ ነው ጉዞውን የሚያሰላው።

ከደባርቅ ጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የፓርኩ የጠጠር መንገድ አለ። ዳባት ላይ ጎማ ቢተነፍስ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጭጋግ ቢወርድ፣ 1 ሰዓት ላይ እንደርሳለን ያልነው 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በብስኩትና በውኃ የዋለ ሰው ይዤ ከተማ ስገባ መብራቱ የበራ፣ በሩ የተከፈተ ቤት ካየሁ እገባለሁ። ይህ እንዴት ነውር ይባላል?

ከቱሪስቱ ይልቅ ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው አለ። ከቋራ፣ ከመተማ፣ ከደምቢያ በሽተኛ ይዞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የመጣ አስታማሚ። ይህ ሰው የሚርበው በእኛ ሰዓት አይደለም። በሽተኛው እንቅልፍ ሲወስደው፣ የሚተካው ዘመድ ሲመጣ፣ መድኃኒቱ ተፈልጎ ሲገኝ ነው እግሩን ወደ ምግብ ቤት የሚያነሣው። ያን ጊዜ 3 ሰዓት ከ40 ሊሆን ይችላል። ዘግይቶ የመጣ ሁሉ ቸልተኛ ነው ካልን በዚህ ሰው ፊት በር እየዘጋን ነው።

የከተማዋንም ኑሮ እናስብ። በመጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነቱ እንግዳ ስንናፍቅ ኖረናል። ጥር 10 እና 11 ለጥምቀት ከተማው ሲሞላ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያበስል ቤት፣ በተራው ቀን የመጣችለትን አንዲት ጠረጴዛ ፊቱን አጥቁሮ መቀበል የለበትም።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦

አስታማሚውን ለእኔ ተወው። በወጥ ቤት ዕድሜዬ አስታማሚን ሰዓት የጠየቀ ሰው አላየሁም። ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ ያለው ሽሮ ይሞላለታል፣ እንጀራ ይታከልለታል፣ ይሄዳል። እርሱ ራሱ «ካለቀ ዳቦም ይበቃኛል» እያለ ነው የሚገባው። ሸክላ ጥብስ አዝዞ፣ ቢራ አስከፍቶ፣ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጠው ሰው በእርሱ ችግር ሊከለል አይገባውም።

ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ማለትህ ልክ ነው። ግን ሕጉን አይተን እንነጋገር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት ባለቤቱ ደስ ባለው ቀን የሚያዝዘው ነገር አይደለም። አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀሩትን ለመተካት ነው የተፈቀደው። የሸክላ ጥብስ አምሮት ከነዚህ ውስጥ በየትኛው ይገባል? ክፍያውም ተለይቷል፤ እስከ ማታ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ። ሕጉ ሌሊት የሚለው ልክ የእኛ ቤት በሚዘጋበት ሰዓት ይጀምራል። ከዚያ ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ነፍሰ ጡርንም ሆነ 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ማሠራት ክልክል ነው። በዚያ ሰዓት ከበርሜሉ አጠገብ ቆመው የሚያጥቡት ሁሉ 18 ሞልቷቸዋል? እኔ እቃ ማጠብ ስጀምር አልሞላኝም ነበር።

አንድ ተኩሉንም ሆነ አንድ ከሦስት አራተኛውን ያገኘሁት ስንት ጊዜ መሰለህ? የመጀመሪያውን ውል እስክፈርም ድረስ አንድም ቀን አላገኘሁም።

አስጎብኚው፦

እንግዲያው ክሱ የሚቀርብበት ቦታ ይታወቃል፤ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ። አምሽተን የምንመጣ ሰዎች ሁላችን ዛሬ ብንቀር ያቺ ልጅ ውል አይጻፍላትም፣ ዕድሜዋም አይጨምርም። ባለቤቱ ትርፉ ቀነሰ ብሎ እርሷኑ ያሰናብታታል እንጂ።

ደግሞ ስለ አገራችን ልናገር። ያደግሁት በገጠር ነው፣ ወገራ። ማታ ውሻ ሲጮህ፣ ከውጭ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኝ ነው» የሚል ድምፅ ሲመጣ አባቴ ማንነቱን ሳይጠይቅ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይል ነበር። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል፣ አልጋው ይለቀቅለታል። ከዚያ ቤት ወጥቼ ከተማ ስገባ ከፍዬ የምበላበት ቤት ሰዓት እያየ ሲያኮርፍ አልለመደኝም፣ እንዲለምደኝም አልፈልግም።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦

አባትህ ግባ ሲሉ እሳቱን ማን አነደደው?

ይህን የምጠይቅህ ልነካህ አይደለም፣ የእኔም ቤት እንዲሁ ስለነበረ ነው። አባቴም ግባ ይል ነበር። እናቴ ከተኛችበት ተነሥታ ያዳፈነችውን እሳት ትቆሰቁሳለች፣ እኔ ውኃ አሙቄ የእንግዳውን እግር አጥባለሁ፣ ሊጡ ካልቦካ ቂጣ ይጋገራል። ሲነጋ የሚመሰገነው አባቴ ነበር። እናቴ ግን ያደረገችውን ያደረገችው በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እህሏ ነው፤ ሲነጋም የቤቱ እመቤት እርሷው ናት። እንግዳውም ያለውን በልቶ፣ መርቆ፣ በማለዳ መንገዱን ይጀምር ነበር። ማዘዝ አያውቅም። ዶሮ ካልታረደልኝ አይልም።

ምግብ ቤት ውስጥ ግን ደግነቱ የባለቤቱ፣ ጉልበቱ የሌላ ሰው ነው። «ግቡ፣ ግቡ፣ ለእናንተማ ይከፈታል» ብሎ እንግዳውን አስቀምጦ፣ እርሱ መኪናውን አስነሥቶ ቤቱ ይሄዳል። እኔ በዚህ ላይ «የጎንደር እንግዳ ተቀባይነት» የሚለውን ስም መለጠፍ አልችልም። እንግዳ ተቀባይ መሆን የምንፈልግ ከሆነ የምንቀበልበት ጉልበት የራሳችን ይሁን፣ ወይም ዋጋው ይከፈል።

አስጎብኚው፦

በዚህ ላይ መልስ የለኝም፤ እናቴም እንዲያው ነበረች። ነገር ግን ከሚናገሩት ውስጥ አንድ ተግባራዊ ነገር ይጎድላል። እንግዳው እንዴት ይወቅ? እኔ ሁልጊዜ በር ላይ ቆሜ «ደርሰናል? ይቻላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አስተናጋጁ ምንጊዜም «ይቻላል፣ ግቡ» ይላል። አይቻልም ያለኝ የለም። ከተባልኩ በኋላ ፊቱን እያየሁ እውነቱን እንድገምት መጠበቅ ልክ አይደለም።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦

አስተናጋጁ አይቻልም ቢል ነገ ከባለቤቱ ጋር ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ስለዚህ የእርሱን መልስ ብቻ አትያዝ። ወንበሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ካየህ፣ ወለሉ ከረጠበ፣ ተመለስ። ወንበሩ ካልተገለበጠ ደግሞ አጠያየቅህን ለውጥ። «ይቻላል?» ከምትል «ምን የደረሰ አለ?» በል። ሽሮ ካለ ሽሮ፣ ከበያይነቱ የተረፈ ካለ እርሱ። ተጋቢኖ ብትል እንኳ አንዲት ትንሽ ድስት ናት፣ ብዙ አትቆይም። ሂሳቡን ምግቡ እንደቀረበ ክፈል፣ ገንዘብ ያዧ እንድትዘጋ። ቡናውን ከሆቴልህ ጠጣ። እንዲህ የሚያደርግ እንግዳ 3 ሰዓት ከ50 ላይም ቢገባ እኔ አልቆጣም፤ 4 ሰዓት ላይ ከእኛ ጋር ይወጣል። የመረረኝ ገብቶ የሚበላው ብቻ አይደለም፣ በልቶ የሚቀረው ነው። አንድ ቢራ ለአንድ ሰዓት ይዞ፣ መብራቱ በከፊል ሲጠፋበት እንኳ የማይነቃ ሰው አለ።

አስጎብኚው፦

ይህንን እቀበላለሁ፣ ለእንግዶቼም መኪና ውስጥ ሳለን እነግራቸዋለሁ። ጥብስ ያማራቸው ካሉ ደባርቅ ላይ እናበላቸዋለን፣ ወይም ከዚያው ደውዬ አስቀድሜ አዝዛለሁ። በምላሹ የምጠይቀው በሩ ላይ ሁለት ሰዓት እንዲጻፍ ነው፤ ምግብ እስከ 3 ተኩል ይታዘዛል፣ ቤቱ 4 ሰዓት ይዘጋል። ያን ጊዜ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ደርሼ ብከለከል ቅር አይለኝም። ያልተጻፈ ሰዓት አላከበርክም ተብሎ መወቀስን ግን አሁንም አልቀበልም።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦

ይጻፍ። እኔም የምለው እርሱን ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ያመሸች ልጅ የትርፍ ሰዓቷና የባጃጇ ከባለቤቱ ኪስ እንደሚወጣ ደግሞ በጓዳው በር በኩል ይለጠፍ።

አስጎብኚው፦

በአንድ ነገር ልጨርስ፤ እትዬ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እስከ ስድስት ሰዓት የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ያሉ መንገደኞች አይደሉም። የባለቤቱ ወዳጆች ናቸው፣ የጥጉ ጠረጴዛ የማይነሣላቸው። የተጻፈው ሰዓት በእነርሱም ላይ ይሥራ። ለመንገደኛው 3 ተኩል ላይ የጠፋው ከሰል ለእነርሱ 5 ሰዓት ላይ የሚቀጣጠል ከሆነ እኔ 3 ሰዓት ከ40 ላይ መግባቴን አልተውም።

የወጥ ቤት ኃላፊዋ፦

እነርሱንማ ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? ባለቤቱ ራሱ ይንገራቸው። እኔ ስለ እነርሱ አልከራከርልህም።