ሃምሳ ሎሚና አንድ ተወካይ

ትናንት ከሥራ ወጥቼ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ የማታ ክላስ ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሳ "ወንድሜ፣ ዛሬ እኮ ክላስ የለም። ቴሌግራም ላይ አልነገሯችሁም?" አለኝ። እሱ ግሩፑ ውስጥ የለም። ከእኔ ግን ቀድሞ ሰምቷል።

ስልኬን ከፈትኩ። 214 ያልተነበበ መልእክት። መልካም ልደት፣ ኬክ፣ ኬክ፣ ፊኛ፣ "አሜን ቤተሰብ"፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ አንድ ሰው፣ ደግሞ ኬክ። ማስታወቂያው በሁለት ኬክ መሃል ተቀብሯል።

ግሩፑ ሲከፈት ተወካያችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብላ ነበር የጀመረችው። ይህን ተረት እወደዋለሁ። አሁን 68 ነን፤ ሎሚውን በሙሉ የተሸከመችው ግን እሷው ናት። እኛ ጌጦች ነን።

ተረቱን ያወጣው ሰው መቼም ግሩፕ አሳይመንት አልሠራም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር "አንድ ለአምስት" የሚባል አደረጃጀት ነበር። ጎበዙ ሌሎቹን እንዲደግፍ ነው የታሰበው። እኛ ጋ ሲደርስ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስም ያስጽፋል ሆነ። አንዱ ልጅ (ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ኃላፊ ሆኗል) ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አድሬ ጠዋት ላይ መጣ፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ስሜ በሁለት ኤስ ነው የሚጻፈው" አለኝ። አስተዋጽኦው እሱ ነበር። እሱ ኤ፣ እኔ ቢ ፕላስ። እስካሁን አልገባኝም። አልረሳሁምም።

ቴሌግራምን መርገሜ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ተማሪውን ከየግቢው ሲበትነው፣ ታናሽ እህቴ ሀንድአውቷን ያገኘችው በእሱ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ትወጣ ነበር። ያኔ ግሩፑ ውስጥ ኬክ አልነበረም።

የሰፈራችን እድር ግን ጥሩምባ ነፊ ነው ያለው። ጎህ ሳይቀድ ሲነፋ ማንም አውራ ጣት ቀስሮ አይተኛም። ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ቀሪ ይቀጣል። ቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱን እንኳ ሃምሳ ብር መቅጣት አይቻልም! ባለፈው ሳምንት "ያመለጠኝን ኖት ያለው ይላክልኝ" ብዬ ለመንኩ። 41 ሰው አይቶታል። ስማቸው እኮ ይታያል! አንዱ የሚጸልዩ እጆች ላከልኝ። ኖት የጠየቅኩት እኔ፣ የታመመ መሰልኩ እንዴ?

ምን ነበር ያልኩት? አዎ፣ ክላሱ። ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል ይላል። የሚመጣው ማክሰኞ ይሁን የሚቀጥለው አልተጻፈም። 67 ሰው አውራ ጣት ሰጥቶታል፣ የጠየቀ የለም።

እኔም 68ኛውን ሰጠሁ።